የአክስትሽ ልጅ እና የተረሳው ሃመር

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ሲ ቱ፤ ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት ሁለተኛ ዓመት ማለት ነው። ቤተሰቦቼ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ ልደታ ኮንዶሚኒየም አክስቴ ቤት ነው የምኖረው።

አሁን ኢንተርናል ሜዲሲን (የውስጥ ደዌ) አታችመንት ላይ ነን፣ ተራችን ኒውሮ ዋርድ፣ የነርቭ ሕሙማን ክፍል ደርሷል። ኒውሮ አይገባኝም። የቱ የነርቭ መስመር የት ላይ እንደሚሻገር ማታ አጥንቼ ጠዋት ይጠፋብኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ራውንድ ላይ ኬስ አቀረብኩ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት እግሩ የደከመ ወጣት ነው። «ኮርድ ነው» አልኩ፤ ኅብለ ሰረሰሩን ማለቴ ነው። ሲኒየራችን «ሪፍሌክሱስ?» አሉኝ። ጉልበቱ ሲመታ እግሩ መወርወሩን አላየሁትም ነበር፤ መምቻውን መዶሻ፣ ሃመሬን፣ ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። ያ ሁሉ ሰው ባለበት «አንቺ ሰው ልታክሚ ነው?» አሉኝ። በሽተኛው ራሱ አንገቱን ደፋ። በኋላ ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ዋርድ ስገባ እጄ ይቀዘቅዛል፤ እንቅልፍም የለኝም።

ሌላው ጭንቀቴ የአክስቴ ልጅ ናት። 19 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። ሊጥላት ሲል «ጎማ ሲቃጠል ይሸተኛል» ትላለች። ከዚያ ፈዛ ትቀርና የምታኝክ ይመስል አፏን ታንቀሳቅሳለች። ቀኝ እጇ ይጣመማል፣ ቀጥሎ ትወድቃለች። ስትነቃ ሩብ ሰዓት ያህል ቃል አይወጣትም። ሕፃን ሳለች በትኩሳት ለረጅም ጊዜ ተንቀጥቅጣ ነበር ይላሉ። ማታ ማታ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ስትወስድ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ካልሆነ አይመጣባትም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከአክስቴ ጋር ጠበል ጀመሩ። ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳሉ። እዚያ አንድ ሰው «ክኒንና ጠበል አይደባለቅም» አላት። አክስቴ መድኃኒቱን እየወሰደች ይመስላታል። ልጅቷ ግን ትታዋለች፤ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። «ያደነዝዘኛል፣ ክፍል ውስጥ ያስተኛኛል። ለእማዬ ብትነግሪ ሁለተኛ አላናግርሽም» ብላኛለች።

ባለፈው እሁድ ቡና እየተፈላ ማንደጃው አጠገብ ጣላት። ጎረቤታችን ማንኪያ ይዛ ሮጠች፤ አክስቴ ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ላይ ያዘች። እኔ ፈዘዝኩ። ማንደጃውን ገፋሁት፣ የጎረቤቷን እጅ ያዝኩ፣ በጎኗ አዞርኳት። ስልኬን ሳይ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቆመ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። አክስቴ ማታ «አምስት ዓመት የተማርሽው ምኑን ነው?» አለችኝ። አሁን ደግሞ «ይሄ መድኃኒት እንቢ ብሏል፣ ሌላ ፈልጊላት» እያለች ነው። ኢንተርን የሆነ ጓደኛዬ ቫልፕሮዬት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊጽፍልኝ ይችላል።

ለአክስቴ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? መድኃኒቱን ልቀይርላት? ወይስ የሰው ነፍስ ሳላጠፋ ትምህርቱን ልተው?

ግራ የገባት፣ ከልደታ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልሽ። በሁለተኛው ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ፈገግ አልኩ።

«ኒውሮ አይገባኝም» ትያለሽ። ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ቢጽፈው የማያፍርበት የበሽታ ታሪክ አለ። እስቲ የራስሽን ጽሑፍ አብረን እናንብበው። የሌለ ነገር ይሸታታል፣ ትፈዛለች፣ ታኝካለች፤ ይህ ቴምፖራል ሎብን፣ በጆሮ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል፣ ያስጠረጥራል። የሚጣመመው ቀኝ እጇ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የተነሳው ከግራ አንጎል ይመስላል። ስትነቃ ቃል አይወጣትም፤ የብዙ ሰው ቋንቋ ደግሞ ያለው በግራ በኩል ነው። ሕፃን ሳለች የነበረው ረጅም የትኩሳት መንቀጥቀጥ እዚያው ቴምፖራል ሎብ ውስጥ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል። ያለ ሃመርና ያለ ኤምአርአይ፣ ማንደጃ አጠገብ ቆመሽ ቦታውን ጠቁመሻል።

ለመሆኑ ይህን ስትጽፊ ታውቆሻል? አይመስለኝም። ስለምትወጃት አስተዋልሽ፤ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ትዝ ስላላለሽ አልፈራሽም።

ፍርሃቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። አንድ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በ1994 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል፤ «ኒውሮፎቢያ» ብሎታል። እኔም በተማሪነቴ የአንድን አዛውንት ግራና ቀኝ አምታትቼ አቅርቤ፣ ታማሚው ራሳቸው ናቸው ከአልጋቸው ሆነው ያረሙኝ። «ልጄ፣ ይሄኛው ነው የሞተብኝ» ብለው እጃቸውን በሌላው እጃቸው አንስተው አሳዩኝ። ዛሬም ድረስ ኬስ ሳይ መጀመሪያ «የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው መስመሮቹን በቃል ይዞ ከዚያ በሽተኛ ሲፈልግ ነው። መንገዱ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ «የት ነው?» ትያለሽ፤ አንጎል ነው፣ ኅብለ ሰረሰር ነው፣ ነርቭ ነው ወይስ ጡንቻ? ቀጥሎ «ምንድን ነው?» ትያለሽ፤ ይህንን በአብዛኛው የሚመልስልሽ ጊዜው ነው። በደቂቃ ውስጥ ዱብ ያለ ነገር የደም ሥር ነው ብለሽ ጀምሪ። በሰዓታትና በቀናት የመጣ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት መከላከያ የፈጠረው ይሆናል። በወራት የተሳበ ዕጢ ወይም ቀስ እያለ የሚሞት ሴል አስቢ። እየመጣ የሚሄድ ሲሆን የሚጥል በሽታና ማይግሬን ይቀድማሉ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለመጀመር ግን ይበቃል።

አሁን ወደዚያ ወጣት። «ኮርድ ነው» ማለትሽ የሚያሳፍር አልነበረም። ሁለት እግር አብሮ ሲደክም ማንም መጀመሪያ ኮርዱን ያስባል፤ ማሰብም አለበት። ያን ቀን ሃመሩ ኪስሽ ውስጥ ቢኖር እንኳ ብቻውን አያድንሽም ነበር። ጊላን ባሬ ሪፍሌክስ ያጠፋል፤ ነገር ግን ኮርድ በድንገት ሲጎዳም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሪፍሌክሱ ሊጠፋ ይችላል። የሚለያቸው ሌላው ጥያቄ ነው። ሽንቱ ተይዟል? ሆዱ ወይ ደረቱ ላይ ስሜት የሚቆምበት መስመር አለ? ድካሙ ወደ እጁና ወደ ፊቱ እየወጣ ነው? ከሳምንት ወይ ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ወይ ጉንፋን ነበረበት?

ከሁሉ በፊት ግን ትንፋሹ። «አንዴ አየር ሳብና በዚያችው ትንፋሽ ቁጠርልኝ» በይው። ትናንት 30 የደረሰ ሰው ዛሬ 15 ላይ ከቆመ፣ ሪፍሌክሱን ማየቱ ይቆይና ሬዚደንቱን ጥሪ። ሕክምናው ኢሚዩኖግሎቡሊን (የመከላከያ ፕሮቲን) መስጠት ወይም ፕላዝማውን፣ የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ መቀየር ነው። ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ እዚህ አይጠቅምም፤ ፈተና ላይ ይህችን ይወዷታል።

ሲኒየሩ ስለተናገሩሽ ነገር ብዙ አልልም። ልክ አልነበሩም። ሃመር መርሳት ስህተት ነው፣ ሰውን በበሽተኛ ፊት ማዋረድም ስህተት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ሄደሽ ተናገሪያቸው አልልሽም፤ አቅሙ ካለሽ ያንቺ ምርጫ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሽተኛው አንገቱን የደፋው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ንቆኝ ነው ብለሽ ሳታስቢ አትቀሪም። እኔ ግን ላንቺ አፍሮልሽ ነው ባይ ነኝ። ዋርድ ካለ ሄደሽ እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቂው።

ወደ ከባዱ ልግባ። ልጅቷ።

አንደኛ፣ እሁድ «ምንም አላደረግሁም» ያልሽውን ሰርዢው። እሳቱን አራቅሽ፣ ማንኪያውን ከአፏ ከለከልሽ፣ በጎኗ አዞርሽ፣ ሰዓት ያዝሽ። የመጀመሪያ እርዳታው ይኸው ነው፤ የተረፈ ገጽ የለውም። ክብሪቱ ምንም አይፈይድም፤ ቢበዛ አፍንጫ ያቃጥላል። ሁለት ደቂቃ መሙላት አለመሙላቱን ማወቅሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ሌላው ከደገማት፣ ያኔ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ይህችን ለአክስትሽም ለጎረቤቷም ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። በፈላ ቡና ላይ ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ቀን።

ሁለተኛ፣ ምስጢሩ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፣ ሕፃን አይደለችም፤ አምናሽ የነገረችውም ለአንቺ ነው። ሮጠሽ ለእናቷ ብትነግሪ በሚቀጥለው ጊዜ ለማንም አትናገርም። ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ያንን የጻፍሽው አንቺው ነሽ። አክስትሽ «መድኃኒቱ እንቢ ብሏል» ብላ አምናለች። ነገ ሐኪሙ ጋ ሄዳ ይህንኑ ትላለች። እሱም የሚያውቀው ነገር ከሌለ፣ ያልተዋጠ መድኃኒት መጠን ይጨምራል ወይም ይቀይራል። ደህና ይዟት የነበረ መድኃኒት በሐሰት ተከሰሰ ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ተቀስቅሶ ሲመጣ ከምንጠረጥራቸው ነገሮች ዋነኛው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል ደግሞ በድንገት ሲተውት የከፋ፣ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ለእናቷ ከመሄዴ በፊት ወደ ልጅቷ እሄዳለሁ። ቤት ውስጥ አይሁን፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ጆሮ አለው። በቸርችል ጎዳና በእግር ሽቅብ ውጡ፣ የሆነ ቦታ ማኪያቶ ጋብዣት። ስለ ጠበሉ አትከራከሪያት። ስለ እንቅልፉ ጠይቂያት። ደብዳቤሽ ላይ ከ«ያደነዝዘኛል» በፊት የጠበሉ ወሬ ቢመጣም፣ ለእኔ ጠበሉ ሰበብ፣ እንቅልፉ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስ ኮሌጅ የገባች ልጅ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ጓደኞቿ ምን ይሏታል? መልሱ መጠን ማስተካከል ወይም ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ግን የክትትል ሐኪሟ ካላወቀ አያደርገውም።

ከዚያ ቀን ቁረጡ። «እስከ ቅዳሜ አንቺ ንገሪያት፤ ከፈለግሽ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» በያት። ከቅዳሜ በፊት ደግሞ ከጣላት ምስጢር የሚባል ነገር እንደማይኖር አሁኑኑ አስታውቂያት። በኋላ ከዳሽኝ እንዳትልሽ።

ቫልፕሮዬቱን ተይው። ይህን በቁጣ አይደለም የምልሽ፤ ፈተናው እንዴት እንደሚጎትት አውቃለሁ። አክስትሽ አፍጥጣብሻለች፣ ጓደኛሽ እስክሪብቶ ይዟል፣ ፋርማሲው ቅርብ ነው። ነገር ግን ቫልፕሮዬት በእርግዝና ጊዜ የፅንሱን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል፣ ልጁ አድጎም ትምህርት ሊከብደው ይችላል። ለ19 ዓመት ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ቀድሞ የሚመዘዝ መድኃኒት አይደለም። አክስትሽ ማቋረጧን ሰምታ በጎን ፌኖባርቢታሉን ካስጀመረቻት ደግሞ ቫልፕሮዬቱ የፌኖባርቢታሉን መጠን ደሟ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ያማረረችው እንቅልፍ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። በራሷ ፈቃድ የድሮውን ልጀምር ብትልም፣ ሦስት ሳምንት አቋርጣው ስለቆየች በምን መጠን እንደምትጀምር ሐኪሟ ይወስን። የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ፤ እሁድ ጥሏታልና ቀድማችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

አንቺ እዚያ ስትሄጂ እንደ ሐኪም አትሂጂ። እንደ ምስክር ሂጂ። የሚጥል በሽታ ከምርመራ ማሽን ይልቅ በዓይን ምስክር ነው የሚታወቀው። ኢኢጂ፣ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ንጹሕ ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። ለእኔ የጻፍሽውን አንቀጽ በወረቀት ገልብጪው፤ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው እጅ፣ ስትነቃ እንዴት እንደነበረች። ልጅቷ ፈቅዳ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው በስልክ ይቅረጻት፤ ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። ኤምአርአይ ተነስታ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂ። እንዲህ ከአንድ ቦታ የሚነሳ ሲሆን አንጎሉን ማየት ተገቢ ነው። ሐኪሟ ጥቂት ደቂቃ ለብቻዋ፣ ያለ እናቷ ቢያናግራትም ጥሩ ነው። ፌኖባርቢታልና አንዳንድ የዚህ በሽታ መድኃኒቶች የእርግዝና መከላከያ ክኒን ያደክማሉ። ይህን ጥያቄ በአክስትሽ ፊት የምትጠይቅ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የለችም።

ጠበሉን በሚመለከት ከአክስትሽ ጋር አትጣሊ። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ጠበል ወርጄ አውቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለዚያ ከሆነ ለዚህስ? የንስሐ አባታቸውን ይዘሽ ብታነጋግሪ ካንቺ አሥር ቃል የእሳቸው አንድ ቃል ይሰማል። በተግባርም የሚጋጭ ነገር የለም። መድኃኒቱ የማታ ነው፣ ጠበሉ የጠዋት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳቱ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ይጥላል። ረፈድ ባለ ሰዓት መሄድ ከቻሉ፣ ካልሆነም በጊዜ ከተኙ ብዙ ይለውጣል። ጠበሉ ውስጥም ብቻዋን አትግባ፤ የቤቱንም መታጠቢያ በር ከውስጥ አትቆልፍ።

ልጅቷን ብቻዋን እንዳልሆነች ንገሪያት። እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባስጠኑት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ኮሌጇ ግቢ ውስጥ በዚህ ሒሳብ ስንት ሰው እንደሚኖር ራሷ ታስላው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በትክክል ከታከሙ ከ100ው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ትምህርቱን ልተው ወይ ላልሽኝ፣ ዛሬ አትወስኚ። እንቅልፍ ባጣ ጭንቅላት የሚወሰን ነገር አይደለም። እጅሽ መቀዝቀዙና እንቅልፍ ማጣቱ በዚሁ ከቀጠለ የግቢያችሁን የተማሪ አማካሪ ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል አናግሪ፤ ለሰው የምትመክሪውን ለራስሽ አትንፈጊ። እስከዚያው ግን ሃመር ቦርሳሽ ውስጥ ይደር። ቤት ያለውን ጉልበት ሁሉ ምቺ፤ የአክስትሽን፣ የጎረቤቷን፣ የራስሽን። ጤነኛ ሪፍሌክስ ሃምሳ ጊዜ ያላየ ሰው የጠፋውን አያውቀውም። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፊቱ የተጣመመ ሰው ካየሽ ደግሞ ግንባሩን ተመልከቺ። «ብርድ መታኝ» ይልሻል። ቅንድቡ በዚያ በኩል ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ነርቩ ራሱ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ስቴሮይድ ይጠቅመዋል፣ ዓይኑም እንዳይደርቅ ይጠበቅ። ግንባሩ ደህና ሆኖ አፉ ብቻ ከተጣመመ፣ እጁም ከከበደው፣ ስትሮክ ነው ብለሽ ሩጪ። መቼ ነው ደህና የነበረው ብለሽ ሰዓቱን ያዢ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ በሩ የሚዘጋው ሕመሙ ከጀመረ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የጭንቅላት ሲቲ ሳይነሳም አስፕሪን አትስጪው፤ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደብዳቤሽ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ልጅቷ የምትጽፈው በየትኛው እጇ ነው? ግራኝ ከሆነች ስለ ቋንቋው ያልኩሽን ትንሽ እጠራጠራለሁ። ማኪያቶውን ስታነሳ እይና ጻፊልኝ።